ዓርብ ዓርብ የማይበራው ቤት

ባለፈው ዓርብ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሱቅ ገብቼ ጮህሁ። ከግቢያችን ቀጥሎ ያለችው የልብስ ሰፊው ሱቅ ናት። እንደ ልማዴ በሬን ከፍቼ፣ ጫማዬን አጥልቄ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ድንገት የሚያር ጥጥ ሸተተኝ። ጥጥ ሲያር ከፀጉርም ከወረቀትም የተለየ ሽታ አለው፤ እንደኔ ዕድሜውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሰ ሰው አይስተውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ሲነግሩኝ ነው። ምርኩዜን ይዤ ሮጥሁ አሉ፣ በዚህ ጉልበቴ። የደረደረውን ጨርቅ በምርኩዝ ገለባብጬ፣ «ይቺን ልጅ ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ ተዉት ይህን ጭስ፣ ውሰዷት» እያልሁ ስጮህ ባጃጅ የሚነዱት ሳይቀሩ ቆመው አዩኝ። ለካ ሰፊው የሰው ጋቢ ሲተኩስ ካውያው ጠርዙን ይዞበት ኖሯል። ደግ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። ክንዴን ይዞ፣ «አባባ፣ የትኛዋን ልጅ ነው የሚሉት?» አለኝ።

ቤቴ አድርሶኝ ሲወጣ «ምስኪን፣ ጃጅተዋል» ሲል ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ እንደሆነ ደህና ነው። ብጃጅስ በተሻለኝ ነበር፤ የጃጀ ሰው ይረሳል አይደል? እኔ የትናንት ምሳዬን እረሳለሁ እንጂ የዛሬ አርባ ምናምን ዓመቱን አንድ ዓርብ የመቀሱን ድምፅ ሳይቀር አልረሳሁትም። እንግዲህ ጠይቆኛልና መልሱን ልናገር። አጭር ግን አይደለም።

ያኔ ባሕር ዳር የሳይክል አገር ነበረች። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ከበሩ የሚወጣው ሳይክል መንገዱን ይሞላዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ወንዶቹ የካኪ ሱሪያቸውን ጫፍ በሲባጎ አስረው በዘንባባው ሥር ይፈሳሉ። ሐይቁ ዳር ከዘጌ በታንኳ የመጣ እንጨት፣ ሎሚና ትርንጎ ይራገፋል። በአንድ ብር አራት ቀረሶ ዓሣ ይገዛ ነበር፣ ያውም የሰባ። ላምባ በጠርሙስ ስሙኒ። ኮንጎ ጫማ ያላደረገ ሰው አልነበረም፤ ያ የላስቲክ ጫማ በፀሐይ እግር ይቀቅላል፣ በዝናብ ያንሸራትታል፣ እንደው አያልቅም እንጂ ሌላ ምግባር የለውም። ከገበያው ጀርባ ያለው ጠጅ ቤት ሬዲዮኑን በመስኮት በኩል ወደ መንገድ አዙሮ ስለሚከፍተው ዘፈኑን ሁሉ ከደጅ ሆነን በነፃ ነው የለመድነው። ማን ይገዛ እንደነበር፣ ምን እያልን እንደምንሰለፍ እሱን ሌሎች ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው የእኛን ግቢ ነው፤ አምስት ክፍል፣ አንድ ኮባ፣ አንድ የውኃ በርሜል።

እኔ የመራዊ ሰው ነኝ። የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ዳዊት ደግሜ፣ ድጓ ላይ ስደርስ ሆዴ አሸነፈኝና ጥዬ ወደ ፋብሪካ መጣሁ። ሽመና ክፍል ገባሁ። ሰው ተጣላ ሲሉ የመጽሐፍ ቃል ጠቅሼ የማስታርቅ፣ ሰው ሞተ ሲሉ የማጽናና እኔ ነበርሁ፤ ስለዚህ «የኔታ» አሉኝ። መጀመሪያ ለማላገጥ ነበር፤ ኋላ ቁም ነገር ሆነ፤ እኔም አመንሁት። የትዕቢት ነገር እንዲህ ነው፤ በቀልድ ይገባና አልጋ ይይዛል።

አድማሱ ደግሞ ከማክሰኝት ወዲያ ካለ መንደር የመጣ፣ ማሽን የሚጠግን ሰው ነው። ብረት ይሰማዋል እንል ነበር፤ የቆመ ማሽን ጆሮውን ደቅኖ ሰምቶ «እዚህ ጋ ነው» ይላል፣ እዚያው ጋ ይሆናል። አንድ ቀን ማሽኔ ቆሞብኝ ስማረር፣ ሕግህ ለእግሬ መብራት ነው የሚለውን የዳዊት ቃል በግዕዝ ጀመርሁት፣ እንዲሁ ለራሴ። ከማሽኑ ሥር፣ ከቅባቱና ከአቧራው መሀል፣ ቀሪው ተሟልቶ መጣ። አድማሱ ነው፤ በጀርባው ተጋድሞ፣ ቡሎን በጥርሱ ይዞ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ያው ሆነ። በሻይ ዕረፍት እኔ እጀምራለሁ፣ እሱ ይጨርሳል፤ እሱ ይጀምራል፣ እኔ እጨርሳለሁ። ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ አሁን ስለሆነ ነው የማምነው። አንድ የሚገርመን ነገር ሥጋ አለመቅመሱ ነው። ለበዓል ቅርጫ ስንገባ ሁልጊዜ ጾም ላይ ነው። «አድማሱ ሊመንን ነው፣ ደሴት ፈልጉለት» እያልን እናሾፍበት ነበር። ይስቃል።

ከሚስቱ ጋር እኛው ግቢ ተከራየ። ልጅ አልነበራቸውም። እኔና ሚስቴ ዘነበች አንዲት ነበረችን፤ ስትወለድ ከሐይቁ ዳር ትርንጎ ገዝቼ ስገባ ስላገኘኋት ትርንጎ አልናት። ስድስት ዓመቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ አድማሱ ቤት ናት። ሚስቱ ከሸክላ አፈር ትንንሽ ዶሮና በግ እየሠራች ትሰጣታለች፤ አድማሱ ከፋብሪካ ሲገባ ትከሻው ላይ ወጥታ ኮባውን እንድትነካ ያደርጋታል። ያ ቤት ግን ዓርብ ዓርብ አይበራም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፣ ኩራዙ አይለኮስም፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ጨለማ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ላምባ ለመቆጠብ ነው ይላሉ። እኔን ግን አንድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ እውነቱን ነገረኝ። የኦሪት ሰዎች ነን አለኝ፤ ቤተ እስራኤል። አባቱ የመንደራቸው ቄስ ናቸው። ሰንበት ከገባ እሳት አይነድም፤ ኦሪት አዟል። «ባንተ ይቅር» አለኝ። ያኔ ለወገኖቹ የምንሰጠውን ስም አሁን አፌ አይለውም፤ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሁሉ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚባልበት ዘመን ነበር። ባንተ ይቅር ማለቱ ነፍሱን እጄ ላይ ማስቀመጡ ነው። በእኔ ይቅር አልሁት፤ ማልሁለትም።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ጠለቀ። አባቱ ዓርብ ማታ እሳቱን ካጠፉ በኋላ ልጆቻቸውን አስቀምጠው፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ያልጠፋውን ፈልጉ ይሏቸው ነበር አለኝ። የሰው መንፈስ የእግዚአብሔር መብራት ነው ይላል መጽሐፈ ምሳሌ፤ የሆድን ጓዳ ሁሉ ይመረምራል። እኔም ከወንጌል፣ የሰውነት መብራት ዓይን ናት የሚለውን ነገርሁት፤ ዓይን ጤናማ ከሆነች ሰውነት ሁሉ ይበራል፣ ከታመመች ግን ሁሉ ይጨልማል። ይህ መጽሐፍ እኛ ዘንድ የለም አለኝና ቆይቶ ሳቀ። የተናገረው ግን የእኛው ወገን ነው አለኝ። አብረን ሳቅን። ከምትጠብቀው ሁሉ አብልጠህ ልብህን ጠብቅ፣ ሕይወት የሚወጣው ከእሱ ነውና በሚለው ላይ ደግሞ ስንከራከር ፀሐይ ጠለቀችብን። እኔ ከውጭ ክፉ እንዳይገባበት ነው አልሁ። አድማሱ አይደለም፣ ከውስጥ የሚወጣውን ነው የምትጠብቀው አለ። የቆሎ ተማሪው እኔ፣ በማሽን ጠጋኝ መረታቴ ከነከነኝ።

በጥቅምት ላይ ትርንጎን ትኩሳት ጣላት። ከሐይቁ ዳር ወባ መች ጠፍቶ ያውቃል፤ ግን ወባ ነው የሚል ሰው አልተገኘም። ረቡዕ ተኛች፣ ሐሙስ ባሰባት፣ ዓርብ ላይ ትንቀጠቀጥና እንደገና ትነድ ጀመር። የግቢው ባለቤት እትዬ ጥሩዬ መጥተው ግንባሯን ዳሰው፣ ዓይኗን ገልጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ የዓይን ነው አሉ። ማን ቤት ነው የበላችው? ማን ነው ትክ ብሎ ያያት? ቤቱን የሞላው ሴት እርስ በርሱ ተያየ። ዘነበች ወደ እኔ አየች። የመጽሐፍ ቃል እኔ ነኛ የማውቀው፤ ከእኔ ነው የሚጠበቅ። ፈርቻለሁ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ልጄ እጄ ላይ እየነደደች ነው፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ብዙ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ውስጤ ግን ሌላም ነገር ነበር፤ ያ የተረታሁበት ክርክር፣ ያ ከማሽን ሥር የመጣው የተሟላ ግዕዝ። «አድማሱ ዓርብ ዓርብ መብራት አያበራም» አልሁ። ይችን ብቻ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሌላ መጨመር አላስፈለገኝም። ሁሉም ገባቸው። እትዬ ጥሩዬ የሸክላዋን ዶሮ ከልጄ ራስጌ አንስተው በመስኮት ወረወሯት።

መድኃኒቱን የማያውቅ አልነበረም። ከበላተኛው ልብስ ጠርዝ ቆርጦ ማጠን ነው፤ ጭሱ ሲገባት ይለቃታል። ቆራጩ አባት ቢሆን ይሻላል ተባለ። የፋብሪካ መቀሴን ይዤ ግቢውን ተሻገርሁ። አድማሱ ሐይቅ ወርዶ ገላውን ታጥቦ መምጣቱ ነው፤ ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ነጭ ጋቢውን ለብሷል። ሚስቱ ምድጃው ላይ ውኃ እያፈሰሰች ነበር። መቀሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላዬ በር ላይ የቆሙትን ሴቶች አየ። ሁሉን አወቀ። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ቁረጥ፣ የኔታ» አለኝ። «ልብህን ካሳረፈልህ ቁረጥ። ግን ልጅቷን የያዛት ወባ ነው፤ ሐኪም ቤት እንውሰዳት። እኔ እሸከማታለሁ።»

«ፀሐይ ልትጠልቅ ነው» አልሁት። ለምን እንዲህ እንዳልሁ አላውቅም። ሸክሙም መንገዱም በሰንበት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በቀር በግቢው የሚያውቅ አልነበረም።

«ትጥለቅ» አለ።

«እንዳትነካት» አልሁት። ቆረጥሁ። ጋቢው አዲስ ነበር፤ ጥጡ ወፍራም ስለሆነ መቀሱ አልቆርጥ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አድማሱ ጠርዙን ወጥሮ ያዘልኝ።

አጠንናት። በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ነበር። ትርንጎ ሳለችና፣ «አባዬ፣ ጨርቅ ሸተተኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ የተናገረችው የሚለይ ነገር የለም። ውኃ ለመቅዳት ወደ በርሜሉ ስወጣ አሻግሬ አየሁ፤ የአድማሱ ቤት ጨለማ ነው፣ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ደፉ ላይ ተቀምጧል፣ ነጭ ጋቢው ብቻ ይታያል። ወደ እኛ ነው የሚያይ። ልጄን ጨርሶ ሊበላ የሚጠብቅ መሰለኝ። ገብቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርሁት፤ ኩራዙንም ጨመርሁ፣ በእኛ ቤት ሁለት መብራት ነበር የሚነደው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ትርንጎ አረፈች።

ያን ዕለት ቀበርናት። ሬሳውን ይዘን ስንወጣ አድማሱ ግቢው በር ጥግ፣ ጫፉ የተጎመደ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ማንም አላናገረውም። በሳምንቱ እትዬ ጥሩዬ ቤቱን ይልቀቁልኝ አሉ፤ ወደ ጎንደር በሚሄድ የጭነት መኪና ዕቃቸውን ጫኑ። እኔ ያን ጊዜ ፋብሪካ ነበርሁ። ልሰናበተው እችል ነበር፤ ማሽኔ ቆሞ ነበርና። የሚጠግነውም ጠፍቶ ቆሞ ዋለ።

ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዘነበችን ያው ትኩሳት ጣላት። ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው መንደድ። እንግዲህ ማን በላት? አድማሱ የለም። እትዬ ጥሩዬ እንደገና ማን አያት ማለት ሲጀምሩ ተሸክሜያት ወጣሁ። ሐኪም ቤት ነጭ እንክብል ሰጧት፤ በአምስተኛው ቀን ተነስታ ቤቷን ጠረገች። ስትጠርግ ከመስኮቱ ሥር የሸክላዋን ዶሮ አገኘቻት፤ አንገቷ ተሰብሯል። አንዳችን ለአንዳችን አንድ ቃል አልተናገርንም። ዘነበች እስክትሞት ድረስ፣ ሌላ ልጅ ወልደን፣ የልጅ ልጅ አይተን፣ ያን ዓርብ አንስተነው አናውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ልቤ ታሞ የሌላውን ዓይን ስመረምር ነበር። ሕይወት ይወጣበታል ከተባለው ቦታ፣ ከእኔ የወጣው ሌላ ነው።

ይቅርታ ልጠይቀው ተነሳሁ። ለመነሳት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ማክሰኝት ከአውቶቡስ ወርጄ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄድሁ። መንደሩ ባዶ ነው፤ የቤቶቹ ክዳን ወድቋል፣ የሸክላ ገል ተበትኗል። ወደ ሱዳን ሄዱ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም ሊገቡ ነው አሉኝ። የአድማሱ እናት ግን መንገዱን የሚችል ጉልበት ስላልነበራቸው ክርስቲያን ጎረቤት ቤት ቀርተዋል። ሄድሁ። ባሕር ዳር ከአድማሱ ጋር እሠራ ነበር ስላቸው ፊታቸው በራ።

«አንተ ነህ የኔታ የሚሉህ?» አሉኝ። «ሲያወሳህ አይጠግብም ነበር። እሱስ መንገድ ላይ ቀረ፤ በረሃው ውስጥ ቀብረውት አለፉ ብለው ላኩብኝ። ልጅህ የሞተችብህ ጊዜ እንዴት እንዳዘነ። ያን ዓርብ ማታ ከጠራኝ ብሎ ጫማውን ሳያወልቅ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ አደረ። አባቱ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር፤ ግን እንዲያ አደረ። ሳይጠራኝ ነጋ አለኝ።»

ጋቢውንስ? ጫፉ የተቆረጠውን ጋቢ ማሽን ያዘብኝ ብሏቸው ነበር። እንዲያው ሲጨዋወቱ ነው የነገሩኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሦስት ዓመት ጨርሼ፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄድሁት ለዚች ቅጽበት ነበር። አልተናገርሁም። አሮጊቷ ትርንጎን አልቅሰውልኝ፣ እጄን ይዘው፣ ጎረቤታቸው የሰጡኝን ቆሎ አስቋጥረውኝ ሸኙኝ። የልጃቸው ወዳጅ ሆኜ ሄድሁ፣ የልጃቸው ወዳጅ ሆኜ ተመለስሁ። ይህ ከመቀሱ ይብሳል ወይስ ያንሳል፣ እስካሁን አልቆረጠልኝም።

እንግዲህ ዓርብ ዓርብ መብራቴን የማጠፋው፣ በሬን የምከፍተው፣ ጫማዬን የማላወልቀው ለዚህ ነው። ሰንበቱ የእኔ አይደለም፤ ሰንበት ለመጠበቅ አይደለም። የልጄ ልጅ ሰላም እኔ ጋ ነው የምትኖር፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የመብራት ሒሳብ ሊቆጥቡ ነው እያለች ትስቅብኛለች፣ ማታ ስትገባ ጎንበስ ብላ ጫማዬን ታወልቅልኛለች። ይህ ደግሞ ደጅ የሚከፈትበት ዘመን አይደለም፤ ሰው ሰውን በጎሪጥ ያያል፣ ማን ነው፣ የማን ወገን ነው ይባባላል፣ በጊዜ ይቆለፋል። አባባ በሩን ዝጉ ስትለኝ ትንሽ ቆይ እላታለሁ።

ባለፈው ዓርብ ልብስ ሰፊው ነግሯት ደንግጣ ገባች። የልብ ትርታዬን ቆጠረች፣ ዓይኔን በስልኳ መብራት አየች። የትኛዋ ልጅ ናት አባባ አለችኝ እሷም። መብራቱን አጥፊው አልኋትና፣ እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። እንደ ሐኪም ጠየቀችኝ።

«ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆኗት ነበር?»

«ዓርብ ሦስተኛዋ።»

«ሰው ትለይ ነበር?»

«እስከ ማታ። ጨርቅ ሸተተኝ ብላኛለች።»

እኔም አርባ ምናምን ዓመት ማንንም ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋት። ያን ጊዜ፣ መቀሱን ይዤ ስቆም፣ እሱ እሸከማታለሁ ሲለኝ፣ ብንወስዳትስ? እንዳትዋሺኝ አልኋት። የምትዋሺኝ ከሆነ ደግሞ መብራቱን አብሪና ዓይንሽን ልየው።

መብራቱን አላበራችም።

«ትድን ነበር፣ አባባ» አለችኝ።

ይኸው ዛሬም ዓርብ ነው። ልብስ ሰፊው በበሩ ሲያልፍ ጠርቼ፣ ትርንጎ ትባላለች አልሁት፤ ግራ ገብቶት እግዜር ያኑርልዎ ብሎኝ ሄደ። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ እያዘቀዘቀች ነው፣ በሩም ክፍት ነው። ሰላም ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር ራሷ አጥብቃ አሰረችልኝ።